‹‹ሙያ›› የሚለው ዓምድ

የማኅበራችን የመዝገብ ኮሚቴ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ያሰማው ንግግር



ኮሚቴያችን በዛሬው ጉባኤ እንዲናገር የታዘዘው ስለ አዲሱ የአባላት መዝገብ ነው። የቁጠባውንና የብድሩን ሒሳብ ገንዘብ ያዥዋ እህታችን ስለሚያቀርቡ እኛ ወደዚያ አንገባም። የምንናገረው በመዝገቡ ላይ ‹‹ሙያ›› ተብሎ ስለተጻፈው አንድ ዓምድ ነው። አንድ ዓምድ ይህን ያህል ምን ያስወራል የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሱን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ለመሻገር ስንነሣ በእጃችን የነበረው ቅጽ ከውጭ የተሰጠን ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ወረዳ፣ ሙያ፣ የወር ገቢ ይላል። በ‹‹ሙያ›› ሥር የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ‹‹እንጀራ ሻጭ››፣ ጉልት የምትቀመጠው ‹‹አነስተኛ ንግድ››፣ የቀረችው ሁሉ ‹‹የቤት እመቤት››። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ በዚህ በመጨረሻው ስም ገብተዋል። ዛሬ የምናወራላችሁ እህታችንም ከእነዚሁ አንዷ ናቸው። ስማቸውን እንዳንጠራ ለምነውናል፤ ልመና እንኳ አልነበረም፣ ስማቸው ከተነሣ ጉባኤውን ጥለው እንደሚሄዱ ነው የነገሩን። እዚሁ መካከላችሁ ተቀምጠዋል። እባካችሁ ዘወር ዘወር እያላችሁ አትፈልጓቸው።

እኚህ እህታችን ለብዙ ዓመታት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርተው፣ ልጆቻቸውን አሳድገው፣ አሁን ቤታቸው የሚውሉ ናቸው። ሦስት ነገር ይወዳሉ። አስፈሪ ልብ ወለድ ማንበብ ይወዳሉ። ወጥ መሥራትና የሠሩትን በደብተር መጻፍ ይወዳሉ። ሦስተኛው ዳታቤዝ ነው። አዎ፣ ዳታቤዝ። ማኅበራችን ዛሬ የሚጠቀምበትን መዝገብ የወንድማቸው ልጅ በተወላቸው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ማታ ማታ እየተማሩ የሠሩት እሳቸው ናቸው።

ይሁን እንጂ ለኮምፒዩተር ሥልጠና እጩ ሲጠየቅ እሳቸው አልተጠሩም። የተጠሩት በ‹‹ሙያ›› ሥር ከንግድ ወይም ከጽሕፈት ጋር የሚቀራረብ ነገር የተጻፈላቸው ናቸው። ‹‹የቤት እመቤት›› የተባለችውን ማን ያስባታል? በማንም ላይ ክፋት አላየንም። ምርጫውን ያደረገው ዓምዱ ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ቃሉን ራሱን እንየው። ‹‹ሙያ›› በእኛ ቋንቋ ሁለት ቤት አለው። አማቶች ስለ ምራታቸው ‹‹ባለሙያ ናት ወይ?›› ብለው ሲጠይቁ ወጧን፣ እንጀራዋን፣ ጠላዋን ማለታቸው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ‹‹ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው፣ ከሰዓት ተመለሱ›› ስንባል ደግሞ ዲግሪ ያለውን ሰው ማለታቸው ነው። አንዱ ቃል ቢሮ ሲገባ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ጓዳ ሲገባ ‹‹እጅሽ ይባረክ›› ይባላል። እህታችን በሁለቱም ትርጉም ባለሙያ ሆነው ሳለ ቅጹ በአንዱም አላገኛቸውም።

ከወጡ እንጀምር። ትምህርት ቤት ሲሠሩ የሚያበስሉት ለብዙ መቶ ልጅ ስለነበረ ሁሉም ነገር በኪሎና በሊትር ነበር። ቤታቸው ሲመለሱ ግን እንደ እናቶቻችን በእፍኝ፣ በጣሳና በዓይን ሆነ። ይህ አላስደሰታቸውም። ሚዛን ገዝተው የራሳቸውን እፍኝ መዘኑ። ጨው ስንት፣ በርበሬ ስንት፣ ሽሮ ስንት እንደሚይዝ ጻፉ። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ዘይትም ቅቤም ሳይነካው፣ ውኃው እስኪያልቅ እየተማሰለ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ያዙ። ዶሮዋ ለዐሥራ ሁለት እንደምትበለት ሁላችንም እናውቃለን፤ ለዐሥራ ሁለቱ ብልት ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚበቃ ግን ብንጠየቅ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እንመልሳለን፣ ከዚያም እንጣላለን። በእሳቸው ደብተር ቁጥሩ አለ።

የእንጀራው ገጽ ከሁሉ ይረዝማል። ሊጡ በመጋቢት ስንት ቀን፣ በሐምሌ ብርድ ስንት ቀን እንደሚቆይ፤ እርሾው ሲያረጅ ምን እንደሚሸት፤ አብሲቱ ሳይበስል ቢመለስ የእንጀራው ዓይን ምን እንደሚሆን። ጤፍ ሲወደድ ከሩዝ ወይም ከማሽላ ዱቄት ጋር እየደባለቁ ስንቱ ሲገባ እንጀራው እንደሚሰባበር በተራ ሞክረው ጽፈዋል። ያልተሳካውንም ጽፈዋል። እኛ በበኩላችን ከደብተሩ ሁሉ የወደድነው ይህን ነው፤ ያበላሸችውን እንጀራ መዝግባ የምታስቀምጥ ሴት ከዚህ በፊት አላየንም። እያንዳንዱ ገጽ በመስመር ተከፋፍሏል፦ የጾም ወይስ የፍስክ፣ ለስንት ሰው፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሊበላሽ ይችላል። ዳታቤዝ የሚባለውን ቃል ገና ሳይሰሙ ነው ይህን ያደረጉት።

ወደ አስፈሪው መጽሐፍ እንሂድ። እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን እንደምታኮሳትሩ እናውቃለን። በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ ሄደው ጥቁር ሽፋን ያለውን ይመርጣሉ። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየታገሉ ያነቡታል። ‹‹እንደ እርስዎ ያለ ጸሎተኛ ሰው ይህን ምን ይሠራለታል?›› ስንላቸው ‹‹ጭራቅ እየተባላችሁ አይደለም እንዴ ያደጋችሁት?›› አሉን። እውነት ነው። በእሳት ዳር ስለ አያ ጅቦ ሰምተን፣ ሰው የሚበላው ጭራቅ በር ላይ የቆመ መስሎን፣ ለሽንት መውጣት ፈርተን ያደግን ነን። በዳር ሰፈሮቻችን ዛሬም ማታ የጅብ ድምፅ የምንሰማ አለን።

የነገሩን ታሪክ ደግሞ ይህ ነው። ፍራንከንስታይን የሚባለውን፣ ከሬሳ ክፍሎች ሰው ስለ ሠራው ተማሪ የሚተርከውን መጽሐፍ የጻፈችው ሴት ናት። ሜሪ ሼሊ ትባላለች። መጻፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ፣ በ18 ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን በጋ ብርድና ዝናብ አድርጎት ነበርና እንግዶቹ ቤት ውስጥ ተዘግተው የመናፍስት ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። እናቷ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት እ.ኤ.አ. በ1792 ስለ ሴቶች መብት መጽሐፍ ያሳተመችው ናት፤ ልጅቷን በወለደች በቀናት ውስጥ ሞተች። ልጅቷም በተራዋ ገና በጉርምስናዋ የወለደችው የመጀመሪያ ሕፃን ሞተባት። ከዚህ ቀጥሎ ነው ስለ መፍጠርና ስለ መተው ያን መጽሐፍ የጻፈችው። እ.ኤ.አ. በ1818 ሲታተም ሽፋኑ ላይ ስሟ አልነበረበትም። እህታችን ይህን ከነገሩን በኋላ ዝም ብለን ቆየን። በወሊድ እናቷን ያጣች፣ ሕፃን የቀበረች በመካከላችን ስንት አለች። ያ መጽሐፍ የነጭ ሀብታሞች ጨዋታ መስሎን ነበር።

ሌላም አለ። ስቲቨን ኪንግ የሚባለው አሜሪካዊ የመጀመሪያ መጽሐፉን ‹‹ኬሪን›› ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። መጀመሪያ የጻፋቸውን ገጾች ቆሻሻ ውስጥ ጥሏቸው ነበር፤ አንሥታ ያነበበችው፣ ቀጥል ያለችውም ሚስቱ ታቢታ ናት። ታሪኩ የሚጀምረው በሴት ተማሪዎች መታጠቢያ ቤት ነው። ስለ ወር አበባ ማንም ያልነገራት ልጅ ደም ስታይ የምትሞት ይመስላታል፤ ጓደኞቿ ከብበው ይስቁባታል። እህታችን ይህን መግቢያ ብቻ ለሴት ልጆቻችን የቅዳሜ ስብሰባ በአማርኛ ተረኩላቸው። ከዚያ በፊት በዚያ ስብሰባ ስለ ንጽሕና መጠበቂያ ትምህርት ሲሰጥ ልጆቹ መሬት መሬት ያያሉ። በዚያን ቀን ግን ‹‹እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር›› ያለች አንዲት ልጅ ተገኘች፤ ከእሷ በኋላ ሌሎቹም ተናገሩ። ከትምህርት ቤት የቀሩበትን ምክንያት እናቶቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙ ነበሩ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ‹‹አስፈሪ መጽሐፍም ለልማት ይጠቅማል›› ብለን ለደጋፊዎቻችን ሪፖርት ልንጽፍ ተነሥተን ነበር። ረቂቁን ሲያዩ እህታችን አልወደዱትም። ‹‹እኔ የማነበው ደስ ስለሚለኝ ነው›› አሉ። ‹‹ሌሊት ሁሉ ሰው ሲተኛ ልቤ ድብ ድብ ሲል ደስ ይለኛል። ይህን ደግሞ ለምን እንደሚጠቅም አስረዱ አትበሉኝ።›› ረቂቁን ቀደድነው። ሴት ልጅ የምትወደው ነገር ሁሉ ወይ ለልጅ፣ ወይ ለባል፣ ወይ ለገቢ መዋሉ ካልተመሰከረ በቀር እንደ ስንፍና ይታያል። ወንድሞቻችን ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዝን ኳስ ሲያዩ ‹‹ለምን ይጠቅማል?›› የሚላቸው የለም፤ እኛም አንላቸውም።

ዳታቤዙን ጥቂት እናብራራ፤ ምክንያቱም ዛሬ የምናቀርበው ሐሳብ ከዚያ የወጣ ነው። ዛሬ ዓለም የሚሠራባቸው አብዛኞቹ ዳታቤዞች የተመሠረቱት ኤድጋር ኮድ የሚባል፣ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ነው። ሐሳቡ ለዕድር ጸሐፊ ይገባዋል። መረጃ በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሰው ወይም አንድ ክፍያ ይሁን፤ በአንዱ ሣጥን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይግባ፤ ረድፎቹም የማይደገም መለያ ይኑራቸው። ይህ መለያ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሴቶች ሞልተዋል። የአንዷ ቁጠባ በሌላዋ ስም እንዳይገባ ስምን ማመን አይቻልም። ስለዚህ እህታችን ለእያንዳንዳችን ቁጥር ሰጡን፤ ‹‹እስር ቤት ገባን እንዴ?›› ብላችሁ ያጉረመረማችሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ የፊደሉ ጣጣ መጣ። ‹‹ፀሐይ›› የሚለውን ስም አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ይጀምረዋል፤ ሁለተኛው ፊደል ሀ፣ ሐ ወይም ኀ ሊሆን ይችላል። አንድ ስም ቢያንስ በስድስት ዓይነት ይጻፋል ማለት ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ስድስት ሴቶች ናቸው። ‹‹የለችም›› ብሎ ይመልሳል። እህታችን በፈለጉበት ጊዜ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት እንደ አንድ እንዲቆጠሩ፣ የተጻፈው ግን ባለቤቷ እንደጻፈችው እንዲቆይ አደረጉ። ስሟን በምትወደው ፊደል የመጻፍ መብቷ አልተነካም። ጳጉሜንም አሠቃይታቸው ነበር። አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ፕሮግራም ጳጉሜ 3 ቀን የተከፈለ መዋጮ ሲነገረው ስሕተት ነው ይላል። እስከ ሌሊት ድረስ ከዚህች ከአምስት ቀን ወር ጋር ሲታገሉ እንደነበር የወንድማቸው ልጅ ነግሮናል፤ አንዳንዴም ስድስት እንደምትሆን ማስረዳቱ ከሁሉ የከፋው ነበር።

ክፉ ክፉውን አስቀድሞ ማሰብ ደግሞ ከመጽሐፎቻቸው ያመጡት ይመስለናል። ላፕቶፑ ቢሰረቅስ? ውኃ ቢፈስበትስ? ፍላሹን የያዘው ሰው ቢጠፋስ? በእነዚህ ጥያቄዎች ምክንያት የመዝገቡ ቅጂ ዛሬ በሁለት ቤት ተቆልፎ ይቀመጣል። ቅጹ ላይ ‹‹የጤና ሁኔታ›› የሚል ዓምድ እንዲጨመር ሐሳብ ሲቀርብም እሳቸው እምቢ አሉ። የአንዲት ሴት ሕመም በፍላሽ ተገልብጦ ሰፈር ሲዞር ማየት አልፈልግም አሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግም ጉዳይ ሆኗል። በዚያ ስብሰባ ላይ ግን ማንም አዋጁን አላነሣም፤ የሁላችንንም አፍ ያስያዘው እሳቸው የሣሉት ሥዕል ነው።

አሁን ወደ ዓምዳችን እንመለስ። በአንዱ ሣጥን አንድ ነገር ብቻ ይግባ ካልን፣ ሦስት ነገር ያላት ሴት ምን ትሁን? ቅጹ ‹‹አንዱን ምረጪ›› ይላል። የኮድ ትምህርት ግን ሌላ ነው፦ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ክፈቱ፣ ሴቲቱ በቁጥሯ ትግባ፣ ለምትወደውና ለምትችለው ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ረድፍ ይሰጣት፤ ሦስት ከሆነ ሦስት፣ ሰባት ከሆነ ሰባት። ይህን ሲያሳዩን ከአምስት ደቂቃ በላይ አልወሰደባቸውም። ኮምፒዩተሩ ከመጀመሪያውም ቦታ ነበረው፤ የጠበበው ወረቀቱ ነው።

እስቲ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ያን ቅጽ ቢሞሉ ብለን አሰብን። በ1879 ዓ.ም. ፍልውኃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ አድርገው ይህችን ከተማ አዲስ አበባ ብለዋል። ግእዝ ያውቃሉ፣ በገና ይደረድራሉ፣ ሠንጠረዥ ይጫወታሉ፤ የእኛን ሠንጠረዥ ሳይሆን የንጉሡንና የፈረሱን። የእንጦጦ ማርያም ሲመረቅ ያዘጋጁት ግብር ከታሪክ መጽሐፍ ገብቷል። በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተው፣ መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ ያደረገው ምክር የእሳቸው ነበር። ከዚያ ደግሞ ሆቴል ከፈቱ፤ ዛሬም ፒያሳ በስማቸው ይጠራል። በ‹‹ሙያ›› ሥር ምን ይጻፍ? ባለትዳር ናቸው፣ ደመወዝ የላቸውም። ቅጹን የሚሞላው ልጅ ‹‹የቤት እመቤት›› ብሎ ያልፋቸው ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩስ? አርበኛ፣ በጣሊያን ደሴት እስረኛ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ የቴአትር ጸሐፊ፣ በ1950 ዓ.ም. የፓርላማ አባል። ክፍለ ከተማችን እንኳ ሁለት ስም ይዞ ይኖራል፤ ንፋስ ስልክ ያለ ሽቦ ከሚሠራው ከራዲዮው፣ ላፍቶ በኦሮምኛ ከግራሩ። አንዱን ምረጥ ያለው የለም።

‹‹ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል›› የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኛ ለዚህ ተረት መልስ የለንም፤ ተረት በክርክር አይሸነፍም። የምናውቀው ግን በመዝገብ ያልገባ ዕውቀት በወንድም በሴትም እጅ እንደሚያልቅ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ‹‹ሙያ›› የሚለው ዓምድ ከአባላት መዝገብ ይነሣ። በቦታው ‹‹የምትችለው›› እና ‹‹የምትወደው›› የሚሉ ሁለት ተጨማሪ ሠንጠረዦች ይከፈቱ። ለሥልጠና እጩ ሲጠየቅ ኮሚቴው ሁለቱንም አይቶ ይምረጥ። ‹‹የምትወደው›› በሚለው ሥር ‹‹ገቢ ያስገኛል ወይ?›› የሚል ጥያቄ አይኑር።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። ገንዘባችሁ የት እንደዋለ ማየት መብታችሁ ነው፤ ቁጠባው ምን ያህል አደገ፣ ብድሩ ተመለሰ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ ደስ ይለናል፣ ቁጥሩም አለን። የምንለምናችሁ ቅጻችሁ ስለ አንዲት ሴት አንድ ቃል ብቻ ሲጠይቀን አባሪ ገጽ እንድትቀበሉን ነው። አባሪውን ባታነቡት እንኳ አትጣሉት።

ሐሳቡ ከጸደቀ ምዝገባው በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በጽሕፈት ቤታችን ይከናወናል። የቁጠባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቁጥራችሁ እሱ ላይ አለ። ማንበብና መጻፍ የማትችሉ እህቶች ንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን። ትናንት አንዲት እናታችን የራዲዮ ድራማ ማዳመጥ ይቆጠራል ወይ ብለው ጠይቀውን ነበር። ይቆጠራል። ሌላዋ ደግሞ ‹‹እኔ የምወደው ማንም ሳይጠራኝ አንድ ሰዓት መቀመጥ ነው›› አሉን፤ እሱም ረድፍ ተከፍቶለታል።